ለሕፃን ልደት ምን ያህል ድግስ ይበቃል?

የልጅዎን ልደት በቤትዎ ለማክበር ካሰቡ ዱቄት ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፤ ድግሱ የማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ወጪውም፣ ድካሙም፣ ልጁ በዕለቱ የሚስቅበት ወይም የሚያለቅስበት ምክንያትም የሚወሰነው በመልሱ ነው። በመንዝ ከተሞች በሞላሌም ሆነ በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የልጅ ልደት እየተባለ የሚደገሰው ብዙ ጊዜ የአዋቂ ድግስ ነው። በግ ይታረዳል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ሞንታርቦ ይከራያል፤ ባለልደቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ውሎ ዳቦው ሳይቆረስ አልቅሶ ይተኛል። ከ1 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የሚደረግ ልደት መለኪያው ልጁ ራሱ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሆዱ፣ እንቅልፉ፣ ትዕግሥቱና ጓደኞቹ የሚፈቅዱትን ያህል ይደገሳል፤ ከዚያ የሚተርፈው ለሌላ ሰው የተደገሰ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች በሙሉ የሚመነጩት ከዚህ አንድ ሐሳብ ነው።

በመጀመሪያ ቤተሰቡን ያስማሙ፤ ምክንያቱም አያት ወይም የንስሐ አባት «ልደት የፈረንጅ ነው፤ በመጽሐፍም ልደት ያከበሩት ፈርዖንና ሄሮድስ ናቸው» ሊሉ ይችላሉ። ነገሩ ከአክብሮት ጋር መልስ ያሻዋል። የፈርዖን ልደት በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 40፣ የሄሮድስ ደግሞ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 መጠቀሱ እውነት ነው። ሆኖም የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት የተቆረጠው ሄሮድስ የተወለደበትን ቀን በማሰቡ አልነበረም፤ በግብዣው መካከል በማለው መሐላ ምክንያት ነው። ቤተ ክርስቲያን ራሷም የመጥምቁ ዮሐንስን ልደት ሰኔ 30፣ የእመቤታችንን ልደት ግንቦት 1 ታከብራለች። የግንቦት ልደታ እንዴት እንደሚከበርም ሁሉም ያውቃል፤ ጎረቤት ከደጅ ተሰብስቦ ንፍሮና ዳቦ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። የአንዲት ሕፃን መወለድ በደጅ፣ በንፍሮና በምርቃት የሚታሰብበት ሥርዓት በአገሩ ካለ፣ ለቤት ልደት የሚሆን አርአያ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። እርግጥ ነው፣ የተራው ሰው ልጅ በየዓመቱ የተወለደበትን ቀን ማክበሩ አዲስ ነገር ነው። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ መወለዳቸው ተጽፎ ይገኛል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት ሐምሌ 16 በዘመናቸው የመንግሥት በዓል ነበር። የገበሬው ልጅ ግን «የማርያም ዕለት ነው፣ በአዝመራው ሰሞን» ተብሎ ነው የሚታወሰው። ልማዱ አዲስ መሆኑ እንዳይከበር አያስገድድም፤ እንዲያውም እንዴት መከበር እንዳለበት ገና የመወሰን ዕድል ይሰጠናል።

ቀጥሎ ቀኑን ይቁረጡ። ልጁ የተወለደበትን ቀን እርግጠኛ ካልሆኑ ይህ ዝግጅት ጥሩ አጋጣሚ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ጊዜው ያለፈበት ልጅም ዘግይቶ ሊመዘገብ ስለሚችል፣ ለኬክ ከማሰብዎ በፊት የልደት የምስክር ወረቀቱን ያውጡለት። ልጁ ጳጉሜን 6 ቀን ከተወለደ ቀኑ የሚመለሰው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ በሌሎቹ ዓመታት በጳጉሜን 5 ወይም በእንቁጣጣሽ ያክብሩለት። ውጭ አገር ያለ አክስት ወይም አጎት በስልክ መልካም ልደት ሊል ቢፈልግ ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩት። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ማግስት የሚመጣው መስከረም 1 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ በዚያ ዓመት እስከ የካቲት 21 ድረስ የሁለቱ አቆጣጠር ዝምድና በአንድ ቀን ይዛነፋል። በየዓመቱ በአንድ የፈረንጅ ቀን የሚደውል ዘመድ በእኛ አቆጣጠር አንድ ቀን ቀድሞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የሳምንቱ ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢሆን ይሻላል፤ የገበያ ቀን ላይ ግን አይደርቡት፤ ጠባቂ የሚሆኑት እናቶች ገበያ ናቸውና። ረቡዕና ዓርብ፣ የነቢያት ጾም፣ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛሉ። ስለዚህ ከሁለት ልደት አንዱ በጾም ላይ መዋሉ የማይቀር ነው። መፍትሔው ቀን ማሸሽ ብቻ አይደለም፤ የማዕዱ ዋና ነገር ከመጀመሪያው የጾም ይሁን። ሕፃናቱ ለጾም ባይደርሱም ይዘዋቸው የሚመጡት አክስቶችና እኅቶች ይጾማሉ፤ ዳቦና ንፍሮ ማንንም አያገልልም።

ሰዓቱን ከልጁ እንቅልፍና ከአገሩ አየር ጋር ያስማሙ። ለምሳሌ ሞላሌ ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በበጋ ጠዋት ውርጩ ይቆያል፣ በክረምት ከቀትር በኋላ ጉምና ዝናብ ይመጣል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይተኛል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ በጋም ሆነ ክረምት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ፀሐይ ሞቃለች፣ ልጁም ገና አልደከመም። ከ4 እስከ 6 ዓመት ያለው ልጅ በበጋ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ በክረምት ግን እሱም ወደ ጠዋቱ ይምጣ። ከ2 ሰዓት የሚበልጥ የሕፃን ልደት መጨረሻው ለቅሶ ነው። አዋቂ ሰው ድግስ ሲረዝም ደስ ይለዋል፤ ሕፃን ግን ደስታው በሚያልቅበት ሰዓት ማለቁን በቃል መናገር ስለማይችል ያለቅሳል፣ ይማታል፣ ምግብ ይደፋል። ከዚያም «አመለኛ» ይባላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ማን ይጠራ? የ3 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ልጆች በላይ ጋር አይጫወትም፤ ልጆቹ ሲበዙ የተቀሩትን የሚያያቸው እንደ ግርግር ነው። ለ1 ዓመት ልጅ ወንድምና እኅቶቹ፣ አያቶቹና አንድ ሁለት የጎረቤት ልጆች ይበቃሉ። ለ3 ዓመት ልጅ ቢበዛ አራት ወይም አምስት፣ ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጅ እስከ ስምንት ልጆች ይጥሩ፤ ለሦስት ወይም ለአራት ልጆች አንድ ጠባቂ ይመድቡ። ልጁ መናገር ከቻለ ስሞቹን እሱ ይጥራ፤ ወላጅ ያልጠበቀው ስም ይወጣል። በዚህ ላይ የሚነሳውን ቅሬታ አውቃለሁ፤ «በትንሽ ከተማ ጎረቤት ሳይጠራ ቀርቶ ዳቦ ይቆረሳል? ቅያሜው ለዓመት ይተርፋል» ይባላል። እውነት አለው፤ ጎረቤት በሐዘንም በደስታም የሚደርስ ሰው ነውና ችላ ሊባል አይገባም። ነገር ግን አዋቂ የሚጠራባቸው ዝግጅቶች በመንዝ ቤት አያንሱም፤ ክርስትና አለ፣ ማኅበር አለ፣ ዝክር አለ፣ ሰርግ አለ። የልጁ ቀን ከእነዚህ እንዲለይ ከተፈለገ አስቀድሞ በግልጽ መናገር ነው፤ «እትዬ፣ ነገ ሕፃናቱን ብቻ ሰብስበን ዳቦ እንቆርሳለን፤ የእርስዎ ድርሻ ይመጣልዎታል» ቢባል የሚቀየም ጎረቤት ጥቂት ነው። በማግስቱ ቁራሽ ዳቦ በሰሐን ይዞ በየቤቱ የሚዞረው ባለልደቱ ራሱ ቢሆን ደግሞ ከየደጁ ምርቃት ይዞ ይመለሳል። ቅያሜ የሚመጣው ግማሹ አዋቂ ተጠርቶ ግማሹ ሲቀር ነው፤ አዋቂ ጨርሶ ካልተጠራ የሚወዳደር ሰው የለም።

ማዕዱን በቤት ባለው ነገር ይሥሩ። ከደብረ ብርሃን ክሬም የተቀባ ኬክ አስጭኖ በጣርማ በር በኩል ወደ ሞላሌ ማስመጣት ገንዘብ ይበላል፤ መንገዱ ላይ ቅርጹ ይበላሻል፣ የጾም ሰሞን ከሆነም ግማሹ ሰው አይቀምሰውም። ድፎ ዳቦ ይሻላል። የገብስ ዱቄት ብቻውን ሊጡን ስለማያነሳው ሁለት እጅ ስንዴ ከአንድ እጅ ገብስ ጋር ቀላቅለው ማታ ያቡኩት፤ ብርዱ እርሾውን ስለሚያዘገየው በጋቢ ጠቅልለው ምድጃው አጠገብ ያሳድሩት። ኮባ ካገኙ ምጣዱ ላይ ያንጥፉ፤ ዘቢብ፣ ጥቁር አዝሙድ ወይም ትንሽ ስኳር ልጆቹ ይወዱለታል። በምድጃ የሚጋገር ኬክ እሠራለሁ ካሉ ግን ከፍታውን ያስቡ። አየሩ ስስ ስለሆነ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይነፋና ኬኩ ተነሥቶ መሐሉ ይሰምጣል። በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ያህል ይቀንሱ፣ ውሃውን በጥቂቱ ይጨምሩ። ንፍሮም እንዲሁ ነው፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እህሉ ለመብሰል ይዘገያል፤ ሌሊቱን ይዘፍዝፉት፣ በጠዋትም ቀድመው ይጣዱት። ድንች ቀቅለው በትንሹ ከቆራረጡ፣ ካሮትም በስሎ ከለሰለሰ፣ የሕፃን ማዕድ ሞላ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይቀበለውን ነገር መናገር ግድ ነው። ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ጠንካራ ከረሜላ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። «ቆሎ በልተን አይደለም ወይ ያደግነው?» ይባላል፤ አዎ፣ ግን የታነቁት ልጆች አድገው መናገር አልቻሉም። የትንሽ ልጅ የመተንፈሻ ቧንቧ ጠባብ ነው፣ የኋላ መንጋጋ ጥርሶቹም ገና አልተሟሉም፤ እየሮጠና እየሳቀ የጎረሰው ቆሎ ወደ ሳንባው መንገድ ሊገባ ይችላል። ለቡናው ቁርስ ቆሎና ፈንዲሻ ካስፈለገ አዋቂዎቹ ካሉበት አይውጣ። በልጆቹ ፊት በስኳር የታሸ በሶና የዳቦ ቁራሽ፣ ካለም የበሰለ ሙዝ ይቅረብ። ልጅ ትን ብሎት እያሳለ ከሆነ ሳሉን አያቋርጡት። ማሳልም ማልቀስም ካቃተው ግን ከ1 ዓመት በላይ ያለውን ልጅ ወደ ፊት አዘንብለው በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ ይምቱት፤ ካልወጣ ከኋላው ሆነው ከእምብርቱ ከፍ ብሎ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይጫኑ፤ እስኪወጣ ሁለቱን እያፈራረቁ ሌላ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መኪና ይፈልግ። ከ1 ዓመት በታች ያለውን ሕፃን በክንድዎ ላይ በሆዱ አስተኝተው፣ ራሱን ወደ ታች አድርገው ጀርባውን ይምቱት፤ ሆዱን አይጫኑት፤ ገልብጠው ደረቱን በሁለት ጣት ይጫኑ። ማርም ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ክልክል ነው፤ በሕፃኑ አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ተሐዋሲ ሊኖርበት ይችላል። ከዚያ በላይ ላሉት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተበረዘ ማር ከለስላሳ መጠጥ ይበልጣል። ጠላና አረቄ በልጅ ልደት ቤት ቦታ የላቸውም፤ ልጅ የተረፈ ብርጭቆ ያነሳል።

ቤቱን ሲያሰናዱ ወለሉን ያስቀድሙ፤ ሕፃን የሚውለው ወለል ላይ ነው። ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ዝተት ወይም ባና ካለዎት ያንጥፉት፤ በደጋው ብርድ ከእሱ የተሻለ ምንጣፍ የለም፣ ልጅ ወድቆም አይጎዳም። ቄጤማ መጎዝጎዝ ከፈለጉ ሻማና ፍም ከሚኖርበት አካባቢ ያርቁት። ረከቦቱን ልጆቹ ከሚሯሯጡበት ክፍል ያውጡት፤ የፈላ ጀበናና ፍም ለሕፃን ቁመት ልክ ናቸው። ከሁሉ በላይ ከሰል ይፍሩ። በብርድ ምክንያት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ በደጋ የተለመደ ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ልጆች ደግሞ ከአዋቂ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ፈጥኖ ይጎዳቸዋል። ክፍሉ ካልሞቀ ድግሱን ወደ ደጅ፣ ፀሐይ ወደምትመታው ግድግዳ ያውጡት። ፊኛ ያምራል፤ ከፍ አድርገው ይስቀሉት፣ የፈነዳውንም ቁራጭ ወዲያው ይልቀሙ፤ ልጅን የምታንቀው ያች ቁራጭ ናት። ሻማውን ዋናው ዳቦ ላይ ከመሰካት በተለየች ትንሽ ዳቦ ላይ ይሰኩት፤ ስምንት ልጅ የተነፈሰበትንና ምራቅ የነካውን ዳቦ ለሁሉም ማደል አያስፈልግም። በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ይኑር።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ምን ይደረግ? ሲመጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ይተዋቸው፤ ትንንሾቹ ቤቱን ይለምዳሉ። ከዚያ ኩኩሉ፣ ድብብቆሽ፣ ለትልልቆቹ ገመድ ዝላይ ወይም ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱ። አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይ ውድድር ለሕፃን አይመችም፤ ባለልደቱ ራሱ ተሸንፎ የሚያለቅስበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ቀጥሎ ሁሉም እጁን ታጥቦ ይቀመጥና ዳቦው ይቆረስ፤ ልጆች ሲርባቸው ጨዋታ አይዙም፣ ስለዚህ ቆረሳውን ወደ መጨረሻ አያዘግዩት። ቢላውን የሚይዙት በቤቱ ያሉ ትልቁ ሰው ይሁኑ፣ ምርቃቱም የእሳቸው ነው፤ ለአንድ አዛውንት እዚያ መገኘት ከበቂ በላይ ክብር ነው። ምርቃቱ ግን አጠር ይበል። ከምግብ በኋላ የደከመውን ልጅ የሚያረጋጋው ተረት ነው። «ያለ ሙዚቃ ልደት አይደምቅም» ለሚሉ አባባ ተስፋዬን ማስታወስ ይበቃል። ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ልጆችን በመስኮቱ ፊት ያስቀመጡት ተረት እየነገሩ ነው። አያት በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ የጦጣና የጅብ ተረት ቢነግሩ ልጆቹ ይቀመጣሉ። ሞንታርቦው በጠባብ ክፍል ውስጥ የሕፃን ጆሮ ይጎዳል፤ ባለልደቱንም ያስደነግጠዋል።

ስጦታን በተመለከተ ሲጠሩ «ባዶ እጃችሁን ኑ» ይበሉ፤ ከልብዎም ይሁን። እዚህ ላይ «ልጄ ከሌላ ልጅ ለምን ያንሳል? ከውጭ ዘመድ ገንዘብ ከላከ ለምን አይደገስም?» የሚል መከራከሪያ አለ። በትንሽ ከተማ ግን አንድ ቤት ያደረገው በሌላው ላይ ዕዳ ይሆናል። ሰርግን ያስቡ፤ ስንቱ ቤተሰብ ጎረቤቱን ላለማነስ ተበድሮ ደግሷል። የልጅ ልደት ገና ወግ ያልተበጀለት ስለሆነ፣ በዳቦና በተረት የሚያከብሩ ጥቂት ቤቶች ካሉ ድሃዋ እናትም ያለ ሐፍረት ልጇን ትጠራለች። የተላከው ገንዘብ ለልጁ ጫማ፣ ለሹራብ፣ ለመማሪያ ደብተር ይሁን ወይም በስሙ ይቀመጥ። ስጦታ ይዞ የመጣ ካለ በእንግዶቹ ፊት አይክፈቱት፤ ያላመጣው ልጅ ያያል። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ካለም ሥራ ይስጡ፤ ዳቦ የሚያድል ልጅ የሚቀናበት ጊዜ የለውም።

ልጆቹን ሲሸኙ እያንዳንዱን ይዞት ለመጣው ሰው ያስረክቡ፤ ጉሙ ሳይወርድ ይሂዱ። ልጁ በዕለቱ ቢያተኩሰው፣ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ቢገባ ወይም የጎረቤት ቤት በሐዘን ላይ ከሆነ፣ ያለ ማመንታት በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ያዘግዩት። ሊጡ ከተቦካም ዳቦውን ጋግረው ለቅሶ ቤት ይላኩት። የ4 ዓመት ልጅ ቀን አይቆጥርም፤ ቅዳሜ ቢሆን የሚቀጥለው ቅዳሜም ቢሆን ጓደኞቹ ከመጡ ለእሱ ልደቱ ያን ዕለት ነው።